የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን መዛግብትና ፎቶግራፎች ከቱሉ ዲምቱ ሆኖ እንዴት መፈለግ ይቻላል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ ቤት አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉን። አጎታቸው በ1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ ከአጃቢዎቻቸው አንዱ እንደነበሩ ሲነገር ሰምተው ነው ያደጉት። በቤታቸው ግን የዚያ ጉዞ አንድም ፎቶግራፍ የለም። አንድ ማታ ቡና እየጠጣን "ይኼ ኮምፒውተርህ እዚያ ድረስ ያያል?" ብለው ጠየቁኝ። ያያል። እንዴት እንደሚያይ ያኔ አብረን ደረጃ በደረጃ ያደረግነውን ለእናንተም እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም በነዚያ ሥዕሎች ውስጥ የቆሙት ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ናቸው፤ የሚያውቋቸውም በየዓመቱ እያነሱ ነው።

በአሜሪካ አንድ ፕሬዚዳንት ሥልጣኑን ሲያስረክብ ደብዳቤው፣ ማስታወሻውና ፎቶግራፉ ወደ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት ይገባል፤ የሚቀመጠውም በስሙ በሚጠራው የፕሬዚዳንት ቤተ መጻሕፍት ነው። ከሬገን ጀምሮ ያሉት መዛግብት እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ ሕግ የሕዝብ ንብረት ናቸው። ከዚያ በፊት የነበሩት በአብዛኛው በስጦታ ሰነድ የተሰጡ ሲሆኑ፣ የኒክሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ልዩ ሕግ ተይዘዋል። ለአንባቢ ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ለመፈለግም ሆነ ለመጠየቅ አሜሪካዊ መሆን አያስፈልግም።

መጀመሪያ፦ ፕሬዚዳንቱንና ቀኑን ለዩ

ፍለጋው የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1956 ብላችሁ ብትጽፉ ኬኔዲን ፈልጋችሁ አይዘንሃወር ዘመን ውስጥ ትገባላችሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለዋለ ቀን በዓመቱ ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ ለዋለ 8 ደምሩ። ወሩንና ቀኑንም ጭምር ለውጡ፤ አንዳንዱ ስብስብ የሚደረደረው በቀን ነው።

የንጉሠ ነገሥቱን ጉብኝቶች ለምሳሌ ብንወስድ፣ ከሩዝቬልት ጋር የተገናኙት የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ግብፅ ውስጥ በመራራው ሐይቅ ላይ፣ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ነው፤ መዛግብቱ በኒው ዮርክ ግዛት ሃይድ ፓርክ ይገኛሉ። በግንቦት 1946 ዓ.ም. አይዘንሃወር ተቀብለዋቸዋል፤ የእሳቸው በካንሳስ አቢሊን ነው። የኬኔዲው መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ቤቱ ቦስተን ነው። በየካቲት 1959 ዓ.ም. ጆንሰን ተቀበሏቸው፤ የእሳቸው በቴክሳስ ኦስቲን ነው። ሐምሌ 1961 እና ግንቦት 1965 ዓ.ም. ደግሞ በኒክሰን ዘመን ናቸው፤ ካሊፎርኒያ፣ ዮርባ ሊንዳ። ባራክ ኦባማ አዲስ አበባ የመጡት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ነው፤ የዚያን ጊዜው የዋይት ሐውስ ድረ ገጽ እንዳለ በቤተ መዛግብቱ ተቀምጦ ስለሚነበብ ለጀማሪ ይቀላል።

ቀጥሎ፦ የስሙን አጻጻፍ አብዙ

ዋናው መፈለጊያ የብሔራዊው ቤተ መዛግብት ካታሎግ ነው፦ ካታሎግ ዶት አርካይቭስ ዶት ጎቭ። የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የራሱ የሆነ በጣም የተሟላ ገጽ አለው፦ ጄኤፍኬ ላይብረሪ ዶት ኦርግ። ሁለቱም የሚሠሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። "ሥላሴ" አንድ ቦታ በአንድ ኤል፣ ሌላ ቦታ በሁለት ኤል ተጽፏል። "አበባ" የሚለውም አንዴ በኤ፣ አንዴ በኢ ይመጣል። የአገልጋዮቹና የመኳንንቱ ስም ከነማዕረጉ ተደባልቆ፣ "ራስ" ወይም "ደጃዝማች" የአባት ስም መስሎ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሦስት አራት አጻጻፍ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ አንድ በአንድ ሞክሩ። ስሙ እምቢ ሲል አገሩንና ቀኑን ብቻ አስገቡ። እኛ ያገኘነው በቀኑ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ፎቶግራፍ የሚለውን ምርጫ ተጭናችሁ አጥብቡት፤ አለዚያ በሺህ የሚቆጠር ወረቀት ይጎርፍባችኋል።

መግለጫውን ከሥዕሉ በፊት አንብቡ

የኬኔዲ ዘመን የዋይት ሐውስ ፎቶግራፎች እያንዳንዳቸው መለያ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ የሚጀምርባቸው ፊደላት ፎቶግራፍ አንሺውን ይነግራሉ። ኤአር ካለ አቢ ሮው፣ ኤስቲ ካለ ሴሲል ስቶውተን፣ ኬኤን ካለ ሮበርት ክነድሰን ነው። ሦስቱም የመንግሥት ሠራተኞች ስለነበሩ ያነሷቸው ሥዕሎች በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት የለባቸውም፤ ማተም፣ ማባዛት፣ መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። የጋዜጣ ድርጅት ያነሳው ግን ከጎኑ ባለመብት ስላለው የመብት መግለጫውን ሳታዩ አታሳትሙ። ምንጩንና አንሺውን መጥቀስ ሕግ ባያስገድድም አድርጉት።

መስከረም 20 ቀን የተነሱትን ስንከፍት ንጉሠ ነገሥቱ በዋሽንግተን ዩኒየን ጣቢያ ከባቡር ወርደው ኬኔዲና ባለቤታቸው ሲቀበሏቸው፣ የልጅ ልጃቸው ልዕልት ሩት ደስታም አብረው ሲታዩ አገኘን። ጎረቤታችን ንጉሡን አልፈው ወደ ኋላ ረድፍ ነበር የሚያዩት። መግለጫው ታላላቆቹን በስም ይጠራል፤ ከኋላ የቆሙትን ግን ያልፋቸዋል።

ማውረዱ ላይ ብዙ አልቆይም። ቁጥሩን፣ ቀኑንና የገጹን አድራሻ ሳትጽፉ አንድም ሥዕል አታውርዱ፤ ከወር በኋላ ያንኑ ለማግኘት እንደ አዲስ ትደክማላችሁ። ትልቁን መጠን ምረጡ። እኛ ሰፈር ኔትወርኩ የሚፈጥነው ሰው ሲተኛ ስለሆነ የሌሊት ጥቅል ገዝቼ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አወርዳለሁ፤ መብራት ከሄደም የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ እቀጥላለሁ።

በኢንተርኔት ያልወጣውን እንዴት ማግኘት ይቻላል

ከመዛግብቱ አብዛኛው ገና በስካነር አልተነሣም፤ ሣጥን ውስጥ ነው። ይህ ሰውን ተስፋ ማስቆረጥ የለበትም። ለቤተ መጻሕፍቱ የማመሳከሪያ ክፍል አጭር ኢሜይል በእንግሊዝኛ ጻፉ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ቀንና ዝግጅት እንደምትፈልጉ፣ ከፍለጋ መምሪያው (በየሣጥኑ ምን እንዳለ ከሚዘረዝረው ጽሑፍ) ያገኛችሁትን የሣጥንና የማኅደር ቁጥር። "ስለ ኢትዮጵያ ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ" ያለ ሰው የሚያገኘው መልስ "መምሪያውን ይመልከቱ" የሚል ነው። አንድ ጠባብ ጥያቄ ግን መልስ ያገኛል። ኮፒ ማድረግ ክፍያ አለው፤ ከዚህ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ስለሚያስቸግር የተሻለው መንገድ ዘመድ ነው። ቦስተን ወይም ኦስቲን የምትኖር የእህት ልጅ ካለች አስቀድማ ቀጠሮ ይዛ፣ ፎቶ ያለው መታወቂያዋን አሳይታ፣ የተመራማሪ ካርድ በነጻ አውጥታ ንባብ ክፍሉ መግባት ትችላለች። ፍላሽ ሳታበራ ሰነዱን በስልኳ ማንሳትም ይፈቀድላታል።

ማኅደሩ ሲከፈት በአንዳንድ ሰነድ ቦታ "ተነስቷል" የሚል ወረቀት ይገኛል። ብዙ ጊዜ ምስጢር ነው ማለት ነው፤ ለዘላለም ነው ማለት ግን አይደለም። ከሬገን በፊት ለነበሩት ምስጢርነቱ እንደገና እንዲመረመር በጽሑፍ ይጠየቃል። ከሬገን ወዲህ ላሉት ፕሬዚዳንቱ ከወረዱ 5 ዓመት ሲሞላ በመረጃ ነፃነት ሕጉ መጠየቅ ይቻላል፤ የተወሰኑ ዓይነት ሰነዶች ግን እስከ 12 ዓመት ሊዘጉ ይችላሉ። የኦባማዎቹ ከጥር 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥያቄ ክፍት ናቸው። መልሱ ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ሌላውን ሥራችሁን ቀጥሉ።

እዚሁ ከተማችን ያለውንም አትዝለሉት። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የፎቶግራፍ ስብስብ አለው፤ ወመዘክርም አለ። መታወቂያና ከተቻለ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ማልዳችሁ ሂዱ፤ ከዳር ሰፈር ለተነሳ ሰው የታክሲ ሰልፉ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል።

መጨረሻ፦ አትማችሁ ለአዋቂ አሳዩ

በስልክ መስታወት ላይ የሽማግሌ ዓይን ፊት አይለይም። ሥዕሉን በትልቁ አሳትሙ፤ እኔ ከሕንፃው ሥር ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያሳተምኩት። ከጀርባው በእርሳስ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የታወቀውን ሰው ስም ከነአባቱ፣ ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁ ጻፉ። እርግጠኛ ያልሆኑበት ስም አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ስሙን በኢሜይል ለቤተ መጻሕፍቱ ላኩ፤ በብሔራዊው ካታሎግ ደግሞ ነጻ አካውንት የከፈተ ሁሉ በሥዕሉ ላይ ስምና አስተያየት መጨመር ይችላል።

ጎረቤታችን ያሳተምኳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በማጉያ መነጽር ሲያዩ አመሹ። በሰባተኛው ላይ ከመኪናው በስተኋላ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የቆመ ሰው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። "አጎቴ አይደሉም። ይኼን ሰው ግን አውቀዋለሁ" አሉና ስሙን ከነአባቱ ነገሩኝ። ከጀርባው ጻፍኩት። አጎታቸውን እየፈለግን ነው።