መልካ ቁንጡሬን ከልጆች ጋር ለማየት

ቅዳሜና እሁድ ወደ ጢያ የሚሄዱ መኪኖች በሰፈራችን በአለም ገና በኩል ያልፋሉ። ብዙዎቹ አዋሽ ድልድይ ላይ ቆም ይላሉ፤ ፎቶ ይነሳሉ፤ ከዚያ ውልቅ። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሰው ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ የተመላለሰበት ሸለቆ አለ። ታሪክ አስተማሪ ነኝና ተማሪዎቼን ወደዚያ እወስዳለሁ። መልካ ቁንጡሬ ሙሉ ቀን ይገባዋል። ቀኑን እንዴት እንደምትይዙት ልንገራችሁ።

የምትሄዱበትን ወቅት ምረጡ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ድረስ ሸለቆው አረንጓዴ ነው፤ አዋሽም ገና ሞልቶ ይፈስሳል። ክረምት ላይ ግን ጥቁር አፈሩ ጫማ ያስወልቃል፤ ከልጅ ጋር አይሞከርም። በጋ ላይ ደግሞ ጥላ እንደ ልብ አይገኝም። ኮፍያና በቂ ውሃ ያዙ፤ ምሳም ቋጥሩ። መኪና ከሌላችሁ ከአለም ገና የቡታጅራን ሚኒባስ ተሳፈሩ። አዋሽ ድልድይ እንደምትወርዱ ለረዳቱ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከዚያ በኋላ የሙዚየሙን መንገድ የማያሳያችሁ ሰው የለም። በአካባቢው የሚነገረው ኦሮምኛ ስለሆነ «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ጀምሩ፤ ፊቱ የማይፈታ ሰው አታገኙም።

ሙዚየሙ በክብ ጎጆ ቤቶች የተከፋፈለ ነው። ትኬት ከቆረጣችሁ በኋላ አስጎብኚውን መጀመሪያ ወደ ውጭ፣ ወደ ወንዙ ዳር እንዲወስዳችሁ ለምኑት። ልጆች መስታወት ውስጥ የተደረደረ ድንጋይ ቶሎ ይሰለቻቸዋል። ድንጋዩ የወጣበትን አፈር ካዩ በኋላ ግን ጥያቄያቸው አያልቅም።

ገደሉ ጋ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ልጆቹን ፊት ለፊት አቁሟቸውና ቀለሞቹን እንዲቆጥሩ አድርጉ። ከታች ወንዝ ያሞለሞለው ጠጠር አለ። ከላዩ አሸዋና ደቃቅ አፈር ይከተላል። መሃል መሃሉን ነጣ ያለ ስስ መስመር ታያላችሁ፤ እሱ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ነገሩ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው፤ ከታች ያለው ቀድሞ የተጋገረው ነው። ሊቃውንቱ ዕድሜ የሚያወጡት በዋናነት ከዚህ አመድ ነው። አመዱ መቼ እንደወደቀ ከታወቀ፣ ከሥሩ የተገኘው የድንጋይ መሣሪያ በዕድሜ ከዚያ እንደሚበልጥ፣ ከላዩ ያለው እንደሚያንስ ይታወቃል። ልጆቹ ይህቺን ከያዙ የቀኑ ዋና ትምህርት ገባቸው ማለት ነው።

ቀጥሎ ጎምቦሬ ወደሚባለው የቁፋሮ ቦታ ሂዱ። መሣሪያውና የእንስሳት አጥንቱ በተገኘበት መሬት ላይ እንዳለ ይታያል። እዚሁ አካባቢ 700 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ የእግር ዱካ ተገኝቷል። የአዋቂዎች ብቻ አይደለም፤ ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናት ዱካም አለበት። በጭቃማ ውሃ ዳር ትልልቆቹ ድንጋይ ይጠርባሉ፤ የጉማሬ ሥጋ ይበልታሉ። ሕፃናቱም እዚያው አብረዋቸው ነበሩ። ከዚያ አመድ ወርዶ ሁሉንም ሸፈነው። ይህን ቦታው ላይ ቆማችሁ ንገሯቸው። አንዲት ተማሪዬ ይህን ስትሰማ ጫማዋን አውልቃ የራሷን እግር ጭቃው ላይ አተመች። አልከለከልኳትም።

ጋርባ ከሚባለው ቦታ ደግሞ በ1981 የሕፃን መንጋጋ ወጥቷል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2023 የወጣ ጥናት ዕድሜውን ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት አድርሶታል፤ የሆሞ ኢሬክተስ፣ ማለትም ከእኛ በፊት የኖረ ጥንታዊ የሰው ዘር፣ ነው ብሏል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ሰው ያን ያህል ቀድሞ ደጋውን መልመዱ እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

አሁን ወደ ጎጆ ቤቶቹ ተመለሱ። ባልጩቱን ፈልጉ። ይህ ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት የሚወጣው ከዚያው በስተሰሜን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ባልጪት ነው። ጠርዙን ተጠግታችሁ እዩት። ወፍራሙ በኩል ድፍን ጥቁር ነው፤ የሳሳው ጫፍ ላይ ግን ብርሃን ያሳልፋል፤ የጭስ ቀለም ይኖረዋል። እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ከዚህ ወደ ደቡብ ባሉ አካባቢዎች ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በባልጩት ይፍቁ ነበር። ስለዚህ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ «ድሮ የቀረ ነገር» አትበሏቸው።

አንድ ነገር አደራ። መሬት ላይ የምታዩትን ድንጋይ፣ ስባሪም ቢሆን፣ ኪሳችሁ አትክተቱ። የተነሳበት ቦታ ከጠፋ ድንጋዩ የሚናገረው ነገር የለውም። ቦታውን በ1963 ያስተዋለው ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለ30 ዓመት ያህል ቁፋሮውን መራ፤ ከዚያ ጣሊያኖች ተረከቡት። ይህ ሁሉ የተደከመበት እያንዳንዱ ድንጋይ የት እንደተኛ ለመመዝገብ ነው። በ2024 መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ምሳችሁን ከበላችሁ በኋላ ሰዓት ከተረፋችሁ ጢያን ለሌላ ቀን አቆዩትና ወደ አዳዲ ማርያም ዝለቁ። ከአንድ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በአፈ ታሪክ የንጉሥ ላሊበላ ሥራ ትባላለች። ጫማ ስለሚወለቅ ለልጆቹ ካልሲ ያዙ፤ ለሴቶች ነጠላ አይዘንጋ። በሚኒባስ ከሆናችሁ ግን አዳዲን ተዉትና አሥር ሰዓት ሳይሞላ ድልድዩ ጋ ተገኙ። ከቡታጅራ የሚመጣው መኪና ሞልቶ ስለሚያልፍ አንዳንዴ ረጅም ሰዓት ያስጠብቃል።