የወፍ ቆሎን ከሥሩ ማውጣት

ድሬዳዋ ዙሪያ ባለው መሬታችን ዝናብ በመጣ ቁጥር የወፍ ቆሎ (ላንታና የሚባለውን መጤ ቁጥቋጦ) እንነቅላለን። አበባው ያምራል፤ ቢጫው እያደር ወደ ሮዝ ይዞራል። ለአጥር ብለው የሚተክሉትም አሉ። እባካችሁ አትትከሉት።

ጉዳቱን ለማየት የአንዱን ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ገለጥ አድርጉ። ከሥሩ ሣር የለም። የረገፈ ቅጠልና የራሱ ቡቃያ ብቻ ነው። ጥላው ብርሃን ይከለክላል፤ ከቅጠሉና ከሥሩ የሚወጣው ኬሚካል ደግሞ የሌላው ዘር እንዳይበቅል ያዳክማል። በመካከሉ የበቀለች የግራር ችግኝ ቀጭጫ ትቀራለች። ሌላም አለ። ቅጠሉ ለከብት መርዝ ነው፤ ጉበት ይጎዳል። ከብቱ እሱን ትቶ የተረፈውን ሣር ይግጣል፣ የወፍ ቆሎው ሳይነካ ይስፋፋል።

ለመንቀል ጥሩው ጊዜ ዝናብ ዘንቦ አፈሩ ሲለሰልስ፣ ፍሬው ግን ገና ሳይጠቁር ነው። ከጠቆረ ወፎች በልተው በየቦታው ይዘሩታል። በጣም ከተጠቀጠቀው መሃል አትጀምሩ። ዳር ዳር፣ ክትክታና አጋም ገና በሕይወት ካሉበት ጀምሩ። እዚያ የአገሩ ተክል ቶሎ ያገግማል።

ጓንትና እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፤ ይቧጭራል። ቅርንጫፉን በገጀራ መልምላችሁ እስከ ጉልበት የሚደርስ ግንድ አስቀሩ፣ መያዣ ይሆናችኋል። ከዚያ በዶማ ዙሪያውን ቆፍሩ። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ወፍራም ጉጥ አለ። እሱ ሳይወጣ ምንም አልተሠራም፤ ቆርጣችሁ ብትተዉት ከበፊቱ በዝቶ ያቆጠቁጣል። የተነቀለውን ሥሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ድንጋይ ላይ አድርቁት። እርጥብ አፈር ላይ የተጣለ ግንድ መልሶ ሥር ይሰዳል።

ተዳፋት ከሆነ ሁሉንም በአንዴ አትግፈፉ፤ ጎርፍ አፈሩን ይወስደዋል። ትንሽ ትንሽ እያጸዳችሁ፣ በዚያው ዝናብ የአካባቢውን ሣር ዝሩ፣ ግራር ትከሉ። ባዶ የተተወ መሬት ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ያው የወፍ ቆሎ ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይጠብቃል።

ስለዚህ በየዝናቡ ተመለሱ። ቡቃያው ትንሽ ሳለ በእጅ ይነቀላል። ከሌላው ለመለየት ቅጠሉን በጣታችሁ እሹት፤ ሻካራ ነው፣ ሽታውም አፍንጫ ይሰነፍጣል። ግንዱን ብትዳስሱት አራት ማዕዘን ነው። ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ።