ዊልቸር ለሚጠቀም ቤተሰብ በጅማ መጓጓዣ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መኪና መፈለግ

መወጣጫ ወይም ማንሻ የተገጠመለት ታክሲ እስኪገኝ የሚጠብቅ ሰው የሐኪም ቀጠሮው ያልፍበታል። ደጃፍዎ ድረስ የሚመጣው ባጃጅ ነው፤ ቤተሰቡ ከበዛ ደግሞ ሚኒባስ በኮንትራት ይያዛል። ስለዚህ መመረጥ ያለበት ሾፌሩ ነው። ከቦይ ርቆ ደልዳላ ቦታ ላይ የሚያቆም፣ ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድ፣ ሲነገረው የሚሰማ ሰው ይፈልጉ። በሰፈርዎ ተራ ላይ ቆመው ለጥቂት ጊዜ ቢያስተውሉ ይለዩታል። ስልኩን ይያዙ፣ የአንድ ተጠባባቂም ይጨምሩ፤ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ያደረ ባጃጅ ቀጠሮ አያውቅም።

የተገኘውን ዊልቸር ዝም ብሎ መቀበል

ወንበሩ በስጦታ ሲመጣ መመርመር ነውር ይመስላል፤ አይደለም። የማይታጠፍ ከሆነ ከተሳፋሪው ጋር ባጃጅ ውስጥ አይገባም፣ ለብቻው ሌላ ባጃጅ ሊጠይቅ ነው። ይታጠፋል? የእግር ማሳረፊያው ይነሳል? አንድ ሰው ብቻውን ያነሳዋል? እነዚህን አስቀድመው ይሞክሩ። ዘመድ ከውጭ አገር የሚልከው በባትሪ የሚሠራ ከባድ ዊልቸር ግቢ ውስጥ ያምራል፤ ባጃጅ ላይ ግን ማን ሊያወጣው ነው?

ክንድ ይዞ መጎተት

ሰው ስለ መንገዱ ጉድጓድ ይጨነቃል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ከዊልቸር ወደ ባጃጅ የሚታለፍባት አንዲት እርምጃ ናት። የተለመደው እንዲህ ነው፦ ሾፌሩ በቅንነት ዘሎ ይወርዳል፣ «አይዞዎት አባባ» ይልና ክንዳቸውን ይዞ ወደ ላይ ይስባል። በስትሮክ የደከመ ክንድ ትከሻው ይላላል፤ ከተጎተተ መገጣጠሚያው ሊጎዳና ለረጅም ጊዜ ሊያም ይችላል። አንድ ጎረቤታችን ይህን ስለሚያውቁ ሾፌሩ እጁን ሳይዘረጋ «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ፍሬኑን» ይሉታል። ልክ ናቸው። የሁለቱም ጎማዎች ፍሬን ይያዝ፣ የእግር ማሳረፊያው ይነሳ፣ እግሮቻቸው መሬት ይርገጡ። ረዳቱ ከፊት ቆሞ ወገብ ላይ ከታሰረ ሰፊ ቀበቶ ወይም መቀነት ይያዝ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚሉት ግን ተነሺው ራሳቸው ይሁኑ፤ ሰውነታቸው መቼ እንደተዘጋጀ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ። ባጃጅ አብዛኛውን ጊዜ መግቢያውም መውጫውም በቀኝ በኩል ብቻ ነው። ሲገባ የሚቀድመው ግራ ጎን ነው፣ ሲወረድ ደግሞ ቀኝ ጎን። ጤነኛው ጎን ሲቀድም ይቀላል። ስለዚህ ግራ ጎኑ የደከመ ሰው ሲገባ ይቸገራል፤ ቀኝ ጎኑ የደከመ ደግሞ ሲወርድ። ሁለተኛው ረዳት ከቤት ሲሳፈሩ ይርዳ ወይስ ሆስፒታሉ በር ላይ ይጠብቅ የሚለው ከዚህ ይወሰናል።

ሂሳብን መጨረሻ ላይ መነጋገር

ኮንትራት መሆኑን፣ ዊልቸሩን ማጠፍና መጫን፣ የመጠበቂያውን ጊዜ ጨምሮ ዋጋውን ከመነሳትዎ በፊት ይቁረጡ። ዊልቸሩ እንደ ዕቃ ለብቻው አይታሰብ።

መሄጃውን ብቻ ማሰብ

ጅማ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት። ጠዋት ደርቆ የነበረ የግቢ መንገድ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ይሆንና የዊልቸሩ ትናንሽ የፊት ጎማዎች ይቀረቀራሉ። ያኔ ወንበሩን አዙሮ በትልልቆቹ ጎማዎች ወደ ኋላ መሳብ ይሻላል። ለመመለሻውም ሾፌሩን ጠዋት ይቅጠሩት፤ ዝናብ ሲጀምር ሁሉም ባጃጅ ተይዟል።

የሚሄዱበትንም ቦታ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ። የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ያዛል። አዋጁ ግን ደረጃ አያፈርስም። «መወጣጫ አላችሁ?» ብቻ ካሉ «አዎ» ይባላሉ። «በሩ ክፍት ነው? ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? ሊፍቱ ይሠራል?» ብለው ይጨርሱት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልን በመሰለ ሰፊ ግቢ ደግሞ የትኛው በር ለክፍሉ እንደሚቀርብ ማወቅ ብዙ መግፋት ያስቀራል።

የአዲስ አበባን መንገድ እንደ ከተማ ጉዞ ማየት

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶቡስ ከሆነ ትኬቱን ሲቆርጡ የፊት ወንበር ይጠይቁ፣ ዊልቸሩም ከሻንጣዎች ሥር እንዳይጫን ለአውቶቡሱ ረዳት ይንገሩ። የዊልቸሩን ትራስ ግን አብረው እንዳይጭኑት፤ መቀመጫው ላይ ይነጠፍ። ስሜት የሌለው ገላ መቁሰሉን አይናገርም፣ ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ጎን ወደ ጎን ዘንበል ማለት ያስፈልጋል። ሽንት እንዳያስቸግር ሲባል ውኃ ከልክሎ መሳፈር የተለመደ ቢሆንም ለኩላሊትም ለሽንት ቧንቧም መጥፎ ነው፤ በዚያ ፋንታ ወልቂጤ ወይም ወሊሶ ላይ የት እንደሚወረድ አስቀድሞ መወሰን ይቻላል።

ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ በአውሮፕላን ከሆነ የዊልቸር እርዳታ እንደሚያስፈልግ ትኬት ሲገዙ፣ ቢዘገይ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ያስመዝግቡ። «ዊልቸር» ብቻ ብለው አያብቁ። ደረጃ መውጣት የሚችል፣ የማይችል፣ እስከ መቀመጫው ድረስ መደገፍ ያለበት ተብሎ ስለሚለይ የትኛው እንደሆነ ይናገሩ። ወንበሩ ባትሪ ካለው የባትሪው ዓይነትም አብሮ ይመዝገብ።