የብር መታሰቢያ ሳንቲም ሳይበላሽ እንዴት ይመረመራል?

የመጀመሪያውን የመታሰቢያ ሳንቲሜን የገደልኩት በጥርስ ሳሙና ነው። እናቴ የብር መስቀሏን በጥርስ ሳሙና እየፈተገች ስታብለጨልጭ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ለሳንቲምም የሚሆን መሰለኝ። እዚህ ጀርመን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት ባለ 10 ማርክ ጠቆር ብሎ ስለነበር ፈተግኩት። እንደ አዲስ ማንኪያ አበራ። ከሳምንት በኋላ ሳንቲም ነጋዴ ጋ ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው መብራት ሥር አንዴ ገልበጥ አድርጎ አየና ሚዛን ላይ ጣለው። በቃ፣ የብሩን የግራም ዋጋ ብቻ። ብርሃኑን ወደ ጎን አድርጎ ሲያሳየኝ የምስሎቹ ፊት ድመት የቧጨረው ይመስላል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት፦ አትፈትጉት። ጥቁረቱ ዝገት አይደለም፣ ብሩ አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተገናኝቶ የፈጠረው ስስ ሽፋን ነው። ሰብሳቢዎች እሱን ይወዱታል እንጂ አይጠሉትም።

ያበላሸሁት ሳንቲም የጀርመን ፌዴራል ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት 50 ዓመት ሲሞላው የወጣው ነው። ፍርድ ቤቱ ካርልስሩህ ከተማ ሥራ የጀመረው በ1951 ነው፣ ሳንቲሙ የወጣው በ2001፣ ማርክ ለዩሮ ቦታውን ሊለቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት (ሁሉም በፈረንጆቹ ነው)። በአንዱ ገጽ ንስሩ አለ፣ በሌላው ምሳሌያዊ ምስሎች፣ ማለትም እንደ ፍትሕ ያለ በዓይን የማይታይ ነገር ሰው ሆኖ ሲቀረጽ። በኋላ ሌላ ገዛሁ። ከዚህ በታች ያለው በሁለተኛው ላይ ያደረግኩት ነው።

ሳንቲሙን ስትይዙ ሁልጊዜ በጠርዙ፣ በሁለት ጣት፣ ከሥር ፎጣ አንጥፋችሁ። የጣት አሻራ ብር ላይ ከርሞ ይታያል። እንደ መስታወት የሚያበራው፣ ፕሩፍ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከካፕሱሉ (ከጠንካራው ክብ የፕላስቲክ መያዣው) አታውጡት፣ ከታች የምነግራችሁንም የውኃ ሙከራ እርሱት።

ከዚያ ጠርዙን አንብቡ። ብዙ ሰው ፊትና ጀርባውን አይቶ ያልፋል፣ እኔ ግን ከጠርዝ ነው የምጀምረው፣ ምክንያቱም አስመሳዮች ብዙ ጊዜ የሚሰንፉት እዚያ ነው። በዚህኛው ላይ «በሕዝብ ስም» የሚል የጀርመንኛ ጽሑፍ አለ፣ የጀርመን ፍርድ ቤቶች ብይን የሚከፈትበት ሐረግ ነው። የእኛው ማርትሬዛም እኮ ጠርዙ ላይ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» ይላል። ስንቱ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ኖሮ አላነበበውም! ለነገሩ ማርትሬዛ ላይ 1780 ስላያችሁ ብቻ ያን ያህል አሮጌ ነው አትበሉ፣ ምስሏ ያለበት ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም ያንኑ 1780 እንደያዘ መመታቱን ቀጥሏል።

ገጹ ላይ ያለችውን አንዲት ትንሽ ፊደል በማጉያ መነጽር ፈልጉ። የተመታበትን ከተማ ትናገራለች፦ ኤ (A) በርሊን፣ ዲ (D) ሙኒክ፣ ኤፍ (F) ሽቱትጋርት፣ ጂ (G) ካርልስሩህ፣ ጄ (J) ሃምቡርግ። ጂ ከሆነች ሳንቲሙ ከፍርድ ቤቱ ጋር የአንድ ከተማ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ትክክለኛው 15.5 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱ 32.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከሺው 925 እጅ ብር ነው። ክብደትና ስፋት ብቻውን ግን አያስተማምንም። ማግኔትም እንደዚያው፣ ብረት አለመሆኑን ብቻ ነው የሚነግራችሁ፣ መዳብም ኒኬል የተቀላቀለበት መዳብም አይሳቡለትም። በጥርስ መንከስን ለፊልም ተዉት። ጭረት የሚፈልገው የአሲድ ጠብታም ለጌጥ ሠሪ እንጂ ለሳንቲም አይደለም። የሚያዋጣው ውኃ ነው።

እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ የኪስ ሚዛን ያስፈልጋችኋል። የወጥ ቤቱ ሚዛን አይሆንም፣ ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ሳንቲሙን በደረቁ መዝኑና ጻፉ። ከዚያ ቀለል ያለ የፕላስቲክ ኩባያ በተጣራ ውኃ (ለካውያ የሚሸጠው ይበቃል) ሞልታችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን የናይለን ክር አሥራችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም አንጠልጥሉት። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው የሳንቲሙን ክብደት ሳይሆን ሳንቲሙ የገፋውን ውኃ ነው። 925 ብር ከሆነ 1.50 አካባቢ ይላል። መዳብና ኒኬል ከሆነ ወደ 1.74 ይወጣል። 15.5ን ባነበባችሁት ቁጥር ስታካፍሉ 10.3 አካባቢ ከመጣ (ሳንቲሙ በመጠን እኩል ከሆነው ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ማለት ነው) ተገላገላችሁ።

ችግሩ እጅ መንቀጥቀጡ ነው። መጀመሪያ ስሠራ 4 ምናምን አለኝ። «ተሸወድኩ!» ብዬ ከሻጩ ልጣላ ጫማዬን ሁሉ አጥልቄ ነበር። ለካ ሳንቲሙ የኩባያውን ሥር ነክቷል፣ ከነካ ደግሞ ክብደቱን ሚዛኑ ላይ ይጥላል። ግድግዳውንም መንካት የለበትም። ስለዚህ ክሩን በእጅ አትያዙ፣ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ግራና ቀኝ ደርድራችሁ በላያቸው እርሳስ አጋድሙና ከእርሳሱ ላይ እሠሩት። ሁለተኛው ጠላት የአየር አረፋ ነው። በምስሎቹ ልብስ እጥፋት ውስጥ ትደበቃለች፣ ቁጥሩን ወደ 1.55 ወይም 1.60 ትወስድና ደህናውን ሳንቲም ታሳማዋለች። አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ በጠርዙ እንደገና አስገቡት። ሦስት ጊዜ ለኩ። ሲያልቅ ለስላሳ ጥጥ ላይ አሳርፉት፣ ጠቅ ጠቅ፣ መጥረግ የለም።

ለማስቀመጥ ለ33 ሚሊ ሜትር የተሠራ ጠንካራ ካፕሱል ግዙ፣ ርካሽ ነው። ያ የሚለጠጠውና ላስቲክ ላስቲክ የሚሸተው ለስላሳ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ነገር ይተፋል። የጎማ ማሠሪያም ድኝ ስላለው ያጠቁረዋል። የከሰል ጭስ ካለበት ክፍልም አርቁት።

መሸጥ ካሰባችሁ የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ እስከ ዛሬ ማርክ ይቀይራል፣ የጊዜ ገደብ የለውም፣ ለ10 ማርክ 5.11 ዩሮ ይሰጣችኋል። ይሄ ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው። ውስጡ 14.3 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር አለ፣ የዕለቱን የብር ዋጋ አባዙበትና ከዚያ በታች ለሚላችሁ ነጋዴ ሳንቲሙን ከኪሳችሁ እንኳ አታውጡ።