ካርካሶንን ሲጫወቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካርካሶን በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኝ፣ በድርብ የድንጋይ ቅጥር የተከበበች ጥንታዊ ከተማ ናት። ጀርመናዊው ክላውስ ዩርገን ቭሬደ በዚችው ከተማ ስም የፈጠረው የገበታ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሞ በ2001 በጀርመን «የዓመቱ ጨዋታ» የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። ባሕር ዳር እኛ ቤት የደረሰው ግን ብዙ ዘግይቶ፣ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በክረምት፣ ዝናቡ ከቤት በማያስወጣበት ማታ ሁሉ፣ ቡና እየተፈላ እንጫወተዋለን። ደንቡን ወደ አማርኛ ስንመልስ በእንጨት የተሠሩትን ትናንሽ ሰዎች «ሎሌ» አልናቸው፤ ሎሌው መንገድ ላይ ሲቆም ሽፍታ፣ ከተማ ሲገባ ፈረሰኛ፣ ገዳም ሲገባ መነኩሴ፣ መስክ ላይ ሲጋደም ገበሬ ይባላል።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ተጫዋቹ በተራው አንድ ንጣፍ፣ ማለትም መንገድ፣ ከተማ፣ መስክ ወይም ገዳም የተሳለበት አራት ማዕዘን ካርድ፣ ያወጣና መንገዱን ከመንገድ፣ ከተማውን ከከተማ፣ መስኩን ከመስክ አጋጥሞ ያስቀምጣል፤ ከፈለገም በዚያው ንጣፍ ላይ አንድ ሎሌ ያቆማል። መንገዱ፣ ከተማው ወይም ገዳሙ ሲጠናቀቅ ነጥቡ ይቆጠርና ሎሌው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እኔ የተሸነፍሁባቸውን ጨዋታዎች መለስ ብዬ ስመረምራቸው፣ ብዙዎቹን የተሸነፍሁት መጥፎ ንጣፍ ስለወጣልኝ ሳይሆን ሎሌዎቼ አንድ ቦታ ታስረው ስለቀሩ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ባስቀመጡት ንጣፍ ሁሉ ላይ ሎሌ ማቆም ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች 8 ሎሌ ቢሰጠውም አንዱ ነጥብ መቁጠሪያው ላይ ስለሚቆም ለሥራ የሚተርፉት 7 ብቻ ናቸው። ንጣፎቹ መነሻውን ጨምሮ 72 ስለሆኑ አራት ሰው ሲጫወት ለአንድ ሰው 17 ወይም 18 ተራ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ተራዎች ሎሌዎቹን የጨረሰ ሰው የቀረውን ጨዋታ እንደ ተመልካች ያሳልፋል። እኔ ይህን የተማርሁት በስምንተኛ ተራዬ ላይ ነው። ያወጣሁት ንጣፍ ገዳም ነበር፤ ገበታው ላይም በስድስት ንጣፍ የተከበበ ባዶ ቦታ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ንጣፉን በደስታ አስቀምጬ እጄን ወደ ሎሌዎቼ ስሰድድ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ታናሽ እህቴ «ጋሼ፣ መነኩሴው ማን ሊሆን ነው?» ስትል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ጨዋታው እስኪጋመስ ድረስ፣ ቢያንስ አንድ ሎሌ ከእጄ ሳይወጣ እንዲቆይ አደርጋለሁ።

ሁለተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የከፋው፣ የትልቅ ከተማ ፍቅር ነው። የተዘጋ ከተማ በንጣፍ 2 ነጥብ፣ የጋሻ ምልክት ላለበት ንጣፍ ደግሞ ተጨማሪ 2 ነጥብ ያስገኛል፤ ሳይዘጋ ጨዋታው ካለቀ ግን ለንጣፉም ለጋሻውም የሚሰጠው አንድ አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ ይታሰብ፤ ጋሻ የሌለው ባለ ስምንት ንጣፍ ከተማ ሲዘጋ 16 ነጥብ ያስገኛል። ሁለት ሁለት ንጣፍ ያላቸው አራት ትናንሽ ከተሞችም ቢዘጉ ድምራቸው ያው 16 ነው። ልዩነቱ፣ የትናንሾቹ ሎሌ በየጊዜው ወደ እጅ እየተመለሰ ሌላ ሥራ ሲሠራ፣ የትልቁ ከተማ ፈረሰኛ ቅጥሩ እስኪገጥምለት ቆሞ ይጠብቃል፤ ተቀናቃኞቹም ከተማው እንዳይዘጋ ዙሪያውን ያበላሹበታል። (በቀደሙት እትሞች ባለ ሁለት ንጣፍ ከተማ 2 ነጥብ ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ከመጀመር በፊት በእጅ ያለውን ደንብ ማየት ጠብ ያስቀራል።) ትልቅ ከተማ ፈጽሞ አይሠራ ማለቴ አይደለም፤ ጋሻ ሲበዛበትና መዝጊያው ንጣፍ ብዙ ሲሆን ይሠራል።

መዝጊያው ብዙ መሆኑን ለማወቅ ግን የንጣፎቹን ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሳይቆጥሩ መጫወት ሦስተኛው ስህተት ነው። ሁሉንም በቃል መያዝ አይጠበቅም። በመሠረታዊው ጨዋታ ጠማማ መንገድ 9፣ ቀጥ ያለ መንገድ 8፣ ሦስት መንገድ የሚገናኝበት 4 ሲሆን፣ የአራት መንገድ መገናኛ ግን 1 ብቻ ነው። ገዳም ያለባቸው 6 ናቸው። አራቱም ጎኑ ከተማ የሆነ 1 ንጣፍ አለ፤ ሦስት ጎኑ ከተማ ሆኖ በአራተኛው መንገድ የሚወጣበት ደግሞ 3 ነው። እነዚህን ብቻ የያዘ ሰው አንድ ቀዳዳ ሲያይ «ይህ ይሞላል» ወይም «ይህ አይሞላም» ማለት ይችላል። ለምሳሌ ሦስት ጎኑ ከተማ፣ አራተኛው መንገድ የሚጠይቅ ቀዳዳ ቢፈጠርና ሦስቱ ንጣፎች ቀድመው ወጥተው ከሆነ፣ ያ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አይደፈንም፤ እዚያ የቆመውም ሎሌ አልተመለሰም ማለት ነው። ይኸው እውቀት ለማጥቃትም ያገለግላል። የተቀናቃኝ ከተማ አጠገብ መንገድ የሚያስገድድ ንጣፍ በማስቀመጥ ብቻ ሎሌውን ሳይነኩ ማሰር ይቻላል። ክፋት ይመስላል፤ ግን ደንቡ ይፈቅዳል፣ ጨዋታውም የሚጥመው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛው ስህተት የሰውን ከተማ እንደ ሰው ርስት አክብሮ መራቅ ነው። ሎሌ ባለበት ከተማ ውስጥ በቀጥታ ሌላ ሎሌ ማቆም አይፈቀድም፤ ነገር ግን ጎን ለጎን ለብቻ የተጀመሩ ሁለት ከተሞች ኋላ በአንድ ንጣፍ ቢገናኙ አንድ ከተማ ይሆናሉ። በውስጡ ብዙ ሎሌ ያለው ነጥቡን ጠቅልሎ ይወስዳል፤ እኩል ከሆኑ ግን አይካፈሉም፣ ሁለቱም ሙሉ ነጥብ ያገኛሉ። ጀማሪዎች ይህን የመጨረሻ ሐረግ ችላ ይሉታል። ሦስትና አራት ሰው በሚጫወትበት ገበታ ከአንዱ ጋር ተጠግቶ አንድ ከተማ መጨረስ ከሌሎቹ ሁለቱንም ያስቀድማል፤ የእኛ አገር ወንፈል በሉት፣ ሁለት ሰው እየተጋገዘ ፈጥኖ ይዘጋዋል። ሁለት ሰው ብቻ ሲጫወት ግን እኩል መሆን ምንም ስለማይጠቅም፣ ወይ በአንድ ሎሌ መብለጥ ወይም መተው ነው።

በገበሬ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁለት መልክ አለው። እኛ የጤፍ አገር ልጆች ስለሆንን ነው መሰለኝ፣ መስክ ስናይ እጃችን ይፈጥናል፤ ገበሬ ደግሞ አንዴ ከተጋደመ ጨዋታው እስኪያልቅ አይነሣም። በሁለተኛው ተራ ገበሬ ያስተኛ ሰው ያለውን ሎሌ በገዛ እጁ ስድስት አድርጎታል፤ መስኩም ሲሰፋ መንገድ ሊቆርጠው ይችላል። በሌላ በኩል፣ ገበሬን ረስቶ እስከ መጨረሻ የሚቆይ ሰው ትልቁ መስክ ተይዞ ይጠብቀዋል። መስኩ ለሚነካው ለእያንዳንዱ የተዘጋ ከተማ 3 ነጥብ ይታሰባል፤ ስድስት ከተማ የሚነካ መስክ በአንድ ገበሬ 18 ነጥብ ነው። እኔ ወደ ጨዋታው እኩሌታ ስንቃረብ፣ ከተሞች መዘጋት ሲጀምሩ፣ ትልቁን መስክ እመለከታለሁ፤ ተይዞም ከሆነ ከጎኑ ባለ ትንሽ መስክ ገበሬ አስተኝቼ በኋላ ላገናኘው እሞክራለሁ።

ስለ ገዳም የምለው አጭር ነው። ገዳም ሙሉ 9 ነጥቡን የሚያስገኘው በስምንቱም አቅጣጫ ሲከበብ ስለሆነ፣ እንደ አገራችን ደብር በደን መካከል እንጂ በገበታው ዳር ብቻውን ሊቆም አይገባም። በዳር የቆመ መነኩሴ ከዓለም እንደመነነ ይቀራል።

የመጨረሻው ስህተት የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ ሎሌን እየሰሰቱ በእጅ ይዞ መጨረስ። የቀሩት ንጣፎች አሥር ያህል ሲሆኑ ቁጠባው ያበቃል፤ ያልተጠናቀቀ መንገድም በንጣፍ 1 ነጥብ ስለሚያስገኝ ሎሌ በእጅ ከሚቀር የትም ቢቆም ይሻላል። ባለፈው ክረምት እህቴ በመጨረሻው ንጣፍ፣ ማንም ባልያዘው ባለ አምስት ንጣፍ መንገድ ጫፍ ላይ የቀረቻትን አንዲት ሽፍታ አቁማ በ2 ነጥብ አሸነፈችኝ፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሁለት ሎሌ በእጄ ነበር።