ሰርቪስ ቤት የገባች አይጥ እንዴት ትወጣለች?

መብራት ስታበሩ ከጤፉ ማዳበሪያ ጀርባ ሽው ያለች ነገር ካያችሁ፣ አንድ ብቻ ናት ብላችሁ ራሳችሁን አታጽናኑ። የቤት አይጥ እርግዝናዋ 3 ሳምንት ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ትወልዳለች፣ ልጆቿም ሁለት ወር ገደማ ሲሆናቸው ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። በጠራራ ፀሐይ ስትሯሯጥ ካያችኋት ደግሞ ነገሩ ሰፋ ብሏል ማለት ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው መርዝ ፍለጋ ነው። እኔ መርዝን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው፤ አብዛኛውን ጊዜም እዚያ መድረስ አያስፈልግም። ሰርቪስ ቤት ማለት እኮ ለአይጥ ታስቦ የተሠራ ነው የሚመስለው። እህሉ እዚያ ነው፣ ምጣዱ እዚያ ነው፣ ከሳሎን የተባረረ ዕቃ ሁሉ እዚያ ነው። በሩ ከሥር ክፍት ነው፣ ቆርቆሮውና ግድግዳው በደንብ አልተጋጠመም፣ ማታ ደግሞ ዝር የሚል ሰው የለም። ይሄ ሁሉ ባለበት ዛሬ የገደላችኋትን አይጥ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ይተካታል። ዋናው ሥራ ቤቱን ማስተካከል ነው፤ መግደሉ ከዚያ ይቀላል።

መጀመሪያ ግን ማን እንደገባ እወቁ። ካካውን እዩ፣ ይቅርታ፣ ሌላ ቀላል መንገድ የለም። የትንሿ የቤት አይጥ ካካ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ጫፉ ሾል ያለ ነው፤ ከኑግ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። የአይጠ መጎጥ ግን የቡና ፍሬ ያህላል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። ትንሿ አይጥ ነገረኛ ናት፣ አዲስ ነገር ካየች ያንኑ ሌሊት ሄዳ ታሸታለች። አይጠ መጎጥ ግን ተጠራጣሪ ነው፣ ትናንት ያልነበረ ዕቃ ካየ ለቀናት ዞር ብሎ ያልፋል። ለሱ ወጥመድ ስታስቀምጡ መጀመሪያ ሳታጠምዱ ምግብ ብቻ አድርጉበት፤ ለምዶ ሲበላ ያኔ ታጠምዳላችሁ።

በየት በኩል እንደሚመላለሱ ለማወቅ ደግሞ አመድ ይበቃል። ማታ ግድግዳው ሥር ሥሩን ስስ አድርጋችሁ ነስንሱ። ጠዋት የእግር ዱካው፣ መሐል ላይም የጭራው ጭረት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አመድ ከሌለ ዱቄትም ይሆናል፣ ብቻ አይጥ እየቀለባችሁ መሆኑን አትርሱ። ቀዳዳ ካገኛችሁ በወረቀት ወትፋችሁ እደሩ። ወረቀቱ ጠዋት ተገፍቶ ካገኛችሁት በሩ ያ ነው።

አሁን ወደ እህሉ። የጤፉን ማዳበሪያ ከግድግዳ ፈቀቅ አድርጉና የታችኛውን ጥግ እዩት። ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚያ ነው፤ ክሩ ተቦጭቆ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ከሥሩ እፍኝ የማይሞላ የጤፍ ክምር፣ በጤፉ መሐል ጥቁር ጥቁር ነጥብ። ካካውን በወንፊት ትለያላችሁ፣ ሽንቱን ግን በምንም አትለዩትም። ስለዚህ ቀዳዳው አካባቢ ያለውን እህል አትሳሱለት፣ ጣሉት። አንዲት አይጥ በቀን የምትበላው 3 ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ ዋናው ኪሳራ የምታበላሸው ነው።

ማዳበሪያም ጆንያም አይጥን አይመልስም። ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠው ፒክስ የሚባለው ባለ ብዙ ድርብ ከረጢትም ቢሆን ነቀዝን እንጂ አይጥን አይከለክልም፤ አንዴ ከተበሳ ደግሞ ለነቀዙም አይሆንም። ክዳኑ የሚጠብቅ የቆርቆሮ በርሜል ከሁሉ ይሻላል። ለሽሮ፣ ለበሶ፣ ለምስር ወፍራም ባልዲ ወይም ጀሪካን በቂ ነው። ስስ ፕላስቲክ ግን ጠርዝ ካገኘች ትቆረጥመዋለች፤ የፊት ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ መቆርጠም ለሷ ግዴታ ነው። በርሜል መግዛት ከከበደ ማዳበሪያዎቹን ከመሬት ጉልበት ድረስ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር አርቃችሁ ደርድሩ። ግድግዳ የተደገፈ ማዳበሪያ ለአይጥ መሰላልም መደበቂያም ነው። በጀርባው እየዞራችሁ ማየት ከቻላችሁ እሷ እዚያ አትከርምም።

ሰው የማያስባቸው ምግቦችም አሉ። ድርቆሽ ሊደርቅ ብሎ በሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ያድራል፣ ይሄ ለአይጥ ድግስ ነው። ምጣዱ ሥር የሚፈስ ዱቄት፣ የቡሖው ዕቃ ዙሪያ የደረቀ ሊጥ፣ ውሻው ያስተረፈው፣ የዶሮ መኖ። ማታ ማታ ይነሱ። ውሃን በተመለከተ ትንሿ አይጥ ከምግቧ በምታገኘው እርጥበት መኖር ትችላለች፣ አይጠ መጎጥ ግን ውሃ ይፈልጋል። የግቢው ቧንቧ የሚያንጠባጥብ ከሆነ አሠሩት።

ከዚያ ደግሞ ያ “አንድ ቀን ይጠቅማል” የተባለው ኮተት። አሮጌ ፍራሽ፣ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ የልጆች የድሮ ደብተር። አይጥ ጎጆዋን የምትሠራው ከዚህ ነው፤ ፍራሹን ብትገልጡት ጥጡን በጫጭቃ ኳስ አድርጋ የሠራችውን ልታገኙ ትችላላችሁ። የትንሿ አይጥ ጎጆ ብዙ ጊዜ ከምግቡ ከጥቂት ሜትሮች አይርቅም። ለልዋጭ የሚሄደው ይሂድ፣ የሚቃጠለው ይቃጠል፣ የሚቀረው በርሜል ወይም ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይግባ።

ገጠር ላላችሁ ወይም ከከተማ ወጣ ብላችሁ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። መኸሩ ሲታጨድ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ የሜዳዋ አይጥ መሸሸጊያዋ ስለሚራቆት ወደ አውድማውና ወደ ጎተራው ትመጣለች። ጎተራው እግር ካለው በየእግሩ ላይ አፉን ወደ ታች የደፋ የቆርቆሮ ቆብ አልብሱት፤ መውጣት ያቅታታል። ግን ቅርንጫፍ ወይም አጥር ጎተራውን ከነካ ቆቡ ዋጋ የለውም።

ቀዳዳ መድፈን ላይ ሰው ይሰንፋል፣ እኔ ግን ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ እላለሁ። መለኪያው ቀላል ነው። እስክሪብቶ የሚያስገባ ቀዳዳ፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለትንሿ አይጥ በር ነው። አውራ ጣት የሚያስገባ ከሆነ አይጠ መጎጥም ይገባል። የውሃ ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገቡበትን ቦታ እዩ። የቆርቆሮው ሞገድ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ የሚተወውን ክፍተት እዩ፤ እያንዳንዱ ሞገድ አንድ መግቢያ ነው። ኮርኒሱ ውስጥ ኮሽታ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ በዚያ ስለሚገቡ ነው። የበሩን ሥር እዩ። ቀን ላይ ውስጥ ሆናችሁ በሩን ዘግታችሁ መብራት ብታጠፉ ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ይታያችኋል።

በጨርቅ፣ በፌስታል፣ በካርቶን አትወትፉ፤ አልጋ እያነጠፋችሁላት ነው። ጭቃ ብቻውንም ትፈለፍለዋለች። ድስት የሚፈገፈግበትን ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በላዩ ሲሚንቶ ምረጉበት። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ የጠርሙስ ስብርባሪ ቀላቅሎ መምረግ የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራል፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ብቻ አድርጉት። ለሰፊ ክፍተት፣ ለአየር ማስገቢያም፣ ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የሽቦ ወንፊት ምቱ። በሩ ሥር ደግሞ ቁራጭ ቆርቆሮ በምስማር ምቱበት፣ ከወለሉ ጋር ሊነካካ ትንሽ እስኪቀረው።

ወጥመዱን መድፈኑን በጀመራችሁበት ሳምንት አጥምዱ፣ ምክንያቱም ውስጥ የቀሩት መውጫ ሲያጡ ምግብ ፍለጋ ይወጣሉ። ባለ ስፕሪንጉ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ወጥመድ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይገድላል፣ ማንንም አይመርዝም። አንድ ገዝቶ መሐል ወለል ላይ ማስቀመጥ ግን ቀልድ ነው። አይጥ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው። ብዙ ወጥመድ በአንዴ ግዙ፤ ዱካውን ባያችሁበት ግድግዳ ሥር በየ 2 ሜትሩ፣ ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ማጥመጃ ምግቡ ትንሽ ይሁን፣ የሽንብራ ፍሬ ያህል ይበቃል። ኦቾሎኒ ቅቤ የሚያህለው የለም፣ ስለሚጣበቅ ነጥቃ መሮጥ አትችልም። ከሌለ ቁራጭ ቋንጣ ወጥመዱ ምላስ ላይ በክር እሰሩት። ትልቅ የዳቦ ቁራሽ ካደረጋችሁ ከዳር ከዳሩ በልታ ሳይፈነጠር ትሄዳለች። ጠዋት ጠዋት እዩት። የሞተችውን በጓንት ወይም በፌስታል አንሱና ውሻ በማያወጣበት ጥልቀት ቅበሩ።

ሙጫውን እኔ አልወደውም። እንስሳዋ ሰዓታት ሙሉ ትሠቃያለች፣ አቧራ ባለበት ቤት ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፣ ጫጩትና የድመት እግርም ይይዛል። ድመታችሁ ከተያዘች አትጎትቷት፤ የምግብ ዘይት እያሻችሁ ቀስ አድርጋችሁ አላቅቁ።

ስለ ድመት ካነሳን፣ ድመት ጥሩ ናት፣ ሽታዋም ያስፈራል፣ አዲስ የምትመጣዋን አይጥ ትመልሳለች። ኮርኒስ ውስጥ የተራባውን ትጨርሳለች ማለት ግን ዘበት ነው። ናፍታሊን በየጥጉ መበተን አይጥን አያባርርም፣ እናንተን ግን ራስ ያሳምማል። ሶኬት ላይ የሚሰካው ባለ ድምፅ መሣሪያም ቢሆን አይጦቹ ይለምዱታል። ገንዘቡን ለሲሚንቶ አውሉት።

መርዝ። ገበያ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ስምም አምራችም ያልተጻፈበት ዱቄት ከሆነ አትግዙ። ሻጩ “ምንም አይል፣ ለአይጥ ብቻ ነው” ይላችኋል፤ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጥቁር ግራጫ ዱቄት ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፣ ማርከሻ የለውም። ለነቀዝ የሚገባው የአልሙኒየም ፎስፋይድ ክኒን ደግሞ የአየር እርጥበት ሲነካው ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ በሚቀጥለው ክፍል የተኛን ሰው ይገድላል። ሰርቪስ ቤት ደግሞ ሠራተኛ ወይም ዘበኛ የሚተኛበት ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ይሄንን ክኒን በምንም ምክንያት ለአይጥ አታስገቡ።

የግድ ከሆነ፣ አይጠ መጎጡ በዝቶ ወጥመድ አልበቃ ካለ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን፣ ብሮዲፋኩም ወይም ብሮማዲዮሎን የተጻፈባቸውን፣ ማሸጊያቸው የተሟላ ግዙ። በሚቆለፍ የማጥመጃ ሣጥን ውስጥ ብቻ ይቀመጡ። አይጧ ከ3 እስከ 7 ቀን ቆይታ ነው የምትሞተው፤ በዚህ መሐል ድመት ወይም ጉጉት ከበላቻት እነሱም ይመረዛሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ልጅ ወይም ሌላ ሰው መርዝ ቀምሶ እንደሆነ ከጠረጠራችሁ፣ ምልክት አትጠብቁ፣ ወተት አጠጡ የሚላችሁንም አትስሙ፣ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ። ለዚህኛው ዓይነት ቫይታሚን ኬ የሚባል ማርከሻ ስላለ ማሸጊያው ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። የመርዝ ሌላው ጣጣ ሽታው ነው። በልታ ኮርኒስ ውስጥ ገብታ ትሞታለች፣ ከዚያ ወይ ኮርኒሱን ማፍረስ ነው ወይ ለሳምንታት መታገሥ።

ጽዳቱን ላይ አንድ ነገር አደራ፣ ደረቁን በመጥረጊያ አትጥረጉ። አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል፣ የአይጥ ሽንትና ካካ ደግሞ እንደ ሳልሞኔላና ሌፕቶስፓይሮሲስ ያሉ በሽታዎች ያስተላልፋል። በርና መስኮት ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ይናፈስ። 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ካካው ላይ አርከፍክፉ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ጓንት አድርጋችሁ በወረቀት ልቀሙት፣ ከዚያ ወለሉን በዚያው ውሃ ወልውሉ። የምጣዱን የኤሌክትሪክ ገመድም እዚያው አገላብጣችሁ እዩት። የተላጠ ካያችሁ ሶኬቱን ንቀሉና ኤሌክትሪሻን ጥሩ፤ በፕላስተር ጠቅልሎ እንጀራ መጋገር እሳት መጥራት ነው።

በመጨረሻም ሰርቪስ ቤታችሁ ከጎረቤት ሰርቪስ ቤት ጋር ጀርባ ለጀርባ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው እንዲያ ነው፣ ቀድማችሁ አነጋግሯቸው። ወጥመዱን በአንድ ሳምንት አጥምዱ፣ አጥሩ ሥር ያለውን የግንባታ ፍርስራሽም አብራችሁ አንሱ። ካልሆነ ከእናንተ የሸሸችው እዚያ ወልዳ ክረምት ሲገባ ከነልጆቿ ትመጣለች። አመዱን ሰኔ ላይ አንዴ፣ መኸር ሲገባ አንዴ ነስንሳችሁ እዩ፤ ዱካ ከሌለ ወጥመዶቹን ዘይት ቀብታችሁ አስቀምጧቸው።