መጠጥ ለከበደው አዲስ መጤ፦ ምድር ቤት ያለውን ክፍል እንዴት እንደሚያገኙት

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ለአዲስ መጤ መካሪ አይጠፋም። ሶሻል ሴኩሪቲ የት እንደሚወጣ፣ መንጃ ፈቃድ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሥራ ማን ዘንድ እንደሚጠየቅ ሁሉም ይነግርዎታል። የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ለሚጠጣ ሰው ግን ማንም አይናገርም። ገመና ነውና ይሸፈናል። እኔም ሦስት ዓመት ሸፈንኩት። አሁን ካቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ያኔ ማን በነገረኝ ያልኩትን፣ መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ክፍል እንዴት እንደሚያገኙት ነው የምጽፍልዎት።

መጀመሪያ የጤናው ነገር። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ሊታወክ ይችላል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሲብስ ያንፈራግጣል፣ ያቃዣል፣ ሰው ሊሞትበትም ይችላል። ጠበል ለመግባት የወሰነም ስብሰባ ለመሄድ የወሰነም አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ማንፈራገጥ ወይም የሌለ ነገር ማየት ከመጣ 911 ይደውሉ፤ እስኪነጋ አይጠብቁ።

ስብሰባዎቹን የሚያካሂደው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ይባላል፣ በአጭሩ ኤኤ። እ.ኤ.አ. በ1935 ኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ ውስጥ ሁለት በመጠጥ የተጎዱ ሰዎች፣ አንዱ የአክሲዮን ደላላ ሌላው ቀዶ ሐኪም፣ ተገናኝተው የጀመሩት ነው። መጠጥ ያቃጠለው ሰው የሚሰማው የተቃጠለውን ሰው ነው፤ ሥራው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ክፍያ የለም፣ መታወቂያ አይጠየቅም፣ ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀትዎ የሚጠይቅ የለም።

ለማግኘት ሚቲንግ ጋይድ የሚባለውን ነጻ መተግበሪያ ስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ ሰማያዊ ላይ ነጭ ወንበር ያለበት ነው። ቅርብዎ ያለውን ቦታና ሰዓት ያሳያል። ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ናቸው፤ ይህ ማለት ግን የቤተ ክርስቲያኑ ናቸው ማለት አይደለም፣ ክፍሉን ተከራይተው ነው። «ኦፕን» የሚለው ለማንም ክፍት ነው፤ «ክሎዝድ» የሚለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። እንግሊዝኛዎ ገና ከሆነ በኦፕኑ ይጀምሩ፤ አንድ ሰው ታሪኩን ሲናገር ማዳመጥ ይቀላል። በስልክ መጠየቅ ለሚሻ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ መስመር የሆነው 1-800-662-4357 ሌት ተቀን በነጻ ይሠራል፤ የሚነግሯቸውም በምስጢር ይያዛል።

ሲገቡ ቡና አለ። ኋላ ይቀመጡ። ሰዎች «ስሜ እገሌ ነው፣ አልኮሆሊክ ነኝ» እያሉ ይናገራሉ፤ የአባት ስም አይጠራም። ተራዎ ከደረሰ «አይ ፓስ»፣ ማለትም «ይለፈኝ» ማለት በቂ ነው፣ ማንም አያስገድድዎትም። የመዋጮ ቅርጫት ይዞራል፤ አዲስ ሰው ባያስገባ ቅር የሚለው የለም።

«ሐበሻ ቢያየኝስ?» እኔን ስድስት ወር ከበር የመለሰኝ ይህ ነው። መኪናዬን አቁሜ፣ መብራቱን እያየሁ፣ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። በመጨረሻ ከሰፈሬ አርባ ደቂቃ የሚርቅ ቦታ መረጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ሐበሻ ገባ። ጉልበቴ ራደ። እሱም ሲያየኝ ደነገጠ። ሲያበቃ ውጭ ቆመን ለረጅም ጊዜ አማርኛ አወራን፤ በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ «እንደምን አደርክ» ብሎኝ አለፈ፣ አንድም ቃል አልወጣውም። እዚያ የሰማ ሰው የራሱንም አሰምቷልና ምስጢር ይጠብቃል። አሁንም የሚፈሩ ከሆነ በዙም የሚካሄዱ አሉ፤ ካሜራዎን አጥፍተው ያዳምጡ።

አገር ቤት ማኅበር እያየ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ክብ ተቀምጦ መደማመጥ ነው፣ ጽዋው ብቻ የለም። ጸሎት ያላቸው አሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በየእምነቱ ይጸልያል። ጸሎት የሌለበት ለሚፈልግ ስማርት ሪከቨሪ የሚባል ሌላ አለ።

«ስፖንሰር» ሲሉዎት የኢሚግሬሽን ወረቀት የፈረመልዎ ሰው አይምሰልዎ። ከእርስዎ በፊት ያቆመ፣ በግል የሚያማክርዎ ሰው ነው፤ ለእኛ የሚቀርበው የንስሐ አባት ነው፣ ልዩነቱ እሱ ራሱም ጠጪ የነበረ መሆኑ ነው። ወንድ ወንድን፣ ሴት ሴትን ቢይዝ ይመረጣል።

ጠጥቶ ሲያሽከረክር የተያዘ ሰው ዳኛ ስብሰባ ሊያዘው ይችላል፤ መገኘቱን የሚያሳየውን የፍርድ ቤት ወረቀት ለሰብሳቢው ቢሰጥ በብዙ ቦታ ይፈርሙለታል። ይህ ክስ በዜግነት ማመልከቻም ላይ ስለሚታይ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ ጥፋተኛ ነኝ አይበሉ። የሚጠጣው ባልዎ፣ ሚስትዎ ወይም ልጅዎ ከሆነ ደግሞ አል-አኖን የሚባለው ለቤተሰብ ነው፤ ጠጪው እምቢ ቢልም እርስዎ ይሂዱ።

ሲወጡ አንድ ሁለት ሰው ስልኩን ወረቀት ላይ ጽፎ ይሰጥዎታል። በይሉኝታ ኪስዎ ውስጥ አያስቀሩት። እኔ የመጀመሪያውን የደወልኩት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ከፈረቃ ወጥቼ፣ የመጠጥ መደብር እስኪከፈት መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነው። አነሣው። እስኪነጋ ድረስ ስልኩን አልዘጋውም።